ሀዋሳ ሞተር የምትነዱ፣ በተለይ ሴቶች፦ እኚህን አባት እወቁልኝ

ሰው በአደባባይ ማመስገን ብዙም አልችልበትም። ይሄን ግን ዝም ብል ነውር ነው። ሀዋሳ ውስጥ ሞተር ያላችሁ፣ በተለይ እህቶቼ፣ ሞተራችሁ ሲያስቸግራችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ከጋራዥ ጋራዥ ከመንከራተታችሁ በፊት እኚህ መካኒክ ጋ ሂዱ። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ "አሁንም ወረፋው በዝቶብኛል ልጄ" ነው ያሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ከገቡት ልጆች አንዷ ነኝ። ሸሚዝ ነበር የምንሰፋው፣ የእኔ ሥራ ኮሌታ ብቻ። ደሞዙ የሚያወራ አይደለም፣ ግን ወር በመጣ ቁጥር ይገባል። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስታወጣ፣ ታኅሣሥ 2014 መሆኑ ነው፣ ትዕዛዝ ቀነሰ ተባለ፤ መስመሮች እየተዘጉ መጡና እኛም ተራችን ደርሶ ወደ ቤት። ያኔ ባለቤቴ በሕይወት ነበር። በቦክሰር ሞተሩ ሰውና ዕቃ እያመላለሰ ቤቱን ቀጥ አድርጎ ይዞት ነበር። ከዚያ ኩላሊቱ ታመመ። እሱን በዝርዝር አልጽፈውም፤ ያሳለፈው ያውቀዋል። ድንኳኑን የጣለልን እድሩ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። ሰልስቱ አልፎ ሰው ሲበተን እኔና ልጆቼ ግቢው ውስጥ በላስቲክ ከተሸፈነ ሞተር ጋር ቀረን።

ዘመድ "ሽጪው" አለ። እኔ ደግሞ አልሸጥም አልኩ። ሸጬስ? ብሩ ስንት ወር ነው የሚያበላን? ታናሽ ወንድሜ ሰው በማይበዛበት ሰዓት እያወጣ አስተማረኝ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፣ እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤቶች ማስረከብ ጀመርኩ። "ሴት ልጅ ሞተር ላይ!" ያሉኝ ነበሩ። ሀዋሳ ሴቱም ወንዱም በብስክሌት ሲመላለስባት የኖረች ከተማ ናት፤ ሞተር ላይ ሲሆን ምኑ እንደሚለይ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

መብራት ካልጠፋ ሌሊት 9 ሰዓት ምጣዱ ይሰካል። ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ እንጀራው ምግብ ቤቶቹ በር ላይ መድረስ አለበት። የምግብ ቤት ሰው ደግሞ ምክንያት አይሰማም። ካረፈድሽ ከሌላ ይገዛል፤ ደጋግመሽ ካረፈድሽ ያቺኛዋ ቦታሽን ይዛው ትቀራለች።

እንግዲህ ሞተሩ መንገድ ላይ ቀጥ ማለት የጀመረው ሥራዬ ትንሽ መስመር በያዘበት ሰሞን ነው። ደህና ሲሄድ ቆይቶ ይንተባተብና ይጠፋል። ገፍቼ ዳር አስይዤው፣ ለምኜው፣ ተሳድቤ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ከኋላ የታሰረው እንጀራ ላብ እያላበው እኔ አስፋልት ዳር ቆሜ ኮንትራት ባጃጅ እለምናለሁ። የባጃጁ ሒሳብ የቀኑን ትርፍ ይዞት ይሄዳል።

የሄድኩባቸውን ጋራዦች ስም አልጠራም፣ ራሳቸው ያውቁታል። አንዱ ካንዴላ ነው አለ፣ ተቀየረ። ሌላው ባትሪ ነው አለ፣ ተቀየረ። ሌላው ካርቡሬተር ነው ብሎ ቀኑን ሙሉ አስጎልቶኝ ከፈታ በኋላ መልሶ ሲገጥመው ጭራሽ ጠዋት አልነሳም አለ። ሐምሌ 2016 ላይ የዶላር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ያቺኑ ይዘው "ዛሬ ካልገዛሽው ነገ በዚህ ዋጋ አታገኚውም" እያሉ ያጣድፉሻል። አንደኛው ጋ ደግሞ ሞተሩን አሳድሬ ጠዋት ሳነሳው ስፖኪዮው ልክ አልመስል አለኝ። ባለቤቴ በስስት የያዘው ኦሪጅናሉ ወጥቶ አንድ የሚርገበገብ ነገር ተገጥሞበታል። ብጠይቅ "እንደዚሁ ነው የመጣው" ተባልኩ። ለካንዴላውም ለባትሪውም አላለቀስኩም፣ ለዚያ መስታወት ግን አለቀስኩ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላ ነው። ወንድሜ አብሮኝ ከሄደ የሚያወሩት ከእሱ ጋር ነው። ጠያቂዋ እኔ፣ ከፋይዋ እኔ፣ መልሱ ለእሱ! ወንድሜ እኮ ፀጉር አስተካካይ ነው። ይነዳል እንጂ የሞተርን ሆድ ዕቃ ከእኔ እኩል ነው የማያውቀው። ግራ ገብቶት እየነቀነቀ ይሰማል። አንደኛው እንዲያውም "እናት፣ አንቺ እዚያ ሻይ ጠጪ፣ እኛ ከወንድምሽ ጋር እንጨርሳለን" ብሎኛል። የመጨረሻው ጋራዥ "ሞተሩ ወርዶ ይፈታ" አለና አንድ ዋጋ ጠራ። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። "ሽጪው" ያሉኝ ሰዎች ልክ ናቸው ማለት ነው ብዬ ገዢ ማጠያየቅ ጀመርኩ።

በዚህ መሀል የታኅሣሥ ገብርኤል ደረሰ። ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ምግብ ቤቶቹ ከወትሮው በላይ አዝዘውኛል፤ እኔ ደግሞ ዋዜማው ጠዋት መናኸሪያው አካባቢ ተገትሬያለሁ። አንድ የባጃጅ ልጅ አይቶኝ ቆመ። እንጀራውን ጫነልኝ፣ ሒሳብ ብሰጠው "ለበዓሉ ነው" ብሎ እምቢ አለ (ይሄን ካነበብክ፣ አንተም ተባረክ)። "ጋሼ ጋ ውሰጂው፣ ሌላ ቦታ ብርሽን አትጨርሺ" ብሎ በእጁ ጠቆመኝ። እየገፋሁ ሄድኩ።

ታፔላ የለውም። የቆርቆሮ ጥላ፣ ዘይት የጠጣ መሬት፣ ጥቂት ልጆች፣ መሀል ላይ ጋሼ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ አንዴም ሳያቋርጡ ሰሙኝ። እኔ አሁን መፍቻ ያነሳሉ ስል እሳቸው ጥያቄ ጠየቁኝ።

"ቤንዚን ከየት ነው የምትቀጂው ልጄ?"

ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ማደያ ወረፋ ይዤ ልዋል ብል እንጀራውን ማን ያደርስልኛል? ብዙ ጊዜ መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጡት ነው የምገዛው አልኳቸው። በማደያ ዋጋ ሊትሩ ከ100 ብር ያለፈው ቤንዚን መንገድ ዳር ስንት እንደሚባል የምትነዱ ታውቁታላችሁ። ጋሼ ምንም አላሉም። አንድ ባዶ ሃይላንድ አንገቱን በቢላ ቆረጡና ከሞተሩ ላይ ቤንዚን አወረዱበት፤ እኔ ፊት ያለች ዱካ ላይ አስቀመጡት። "አሁን አትንኪው፣ ዝም ብለሽ እያየሽው ጠብቂ" ብለው ሻይ አዘዙልኝ። ይሄኛው ሻይ "ዞር በይልን" ለማለት የታዘዘ አልነበረም፤ እሳቸውም አጠገቤ ተቀምጠው ጠጡ።

መጀመሪያ ድፍርስ ያለ ነገር ነበር። ሲቆይ ረጋ። ከላይ ቤንዚኑ ከነቀለሙ፣ ከሥር ደግሞ ጣት የሚያህል ጥርት ያለ ነገር፣ መሀላቸው ላይ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር። ጠርሙሱን ዘንበል ሲያደርጉት የታችኛው ለብቻው ጠቅላላ ወደ አንድ ጥግ ሄደ።

"ያ ውሃ ነው" አሉኝ። "ቤንዚን ይቀለዋል፣ ውሃ ከሥር ይተኛል። ሞተርሽ የሚጠጣው ደግሞ ከሥር ነው። ይውረድ ያሉሽ ሞተር ጤነኛ ነው።"

ከዚያ የቤንዚን ጋኑን አውርደው አጠቡ፣ ሌላም ሌላም ነገር ፈቱ። እሱን አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። የሚፈቱትን እያንዳንዱን ነገር ግን ጨርቅ ላይ በተርታ እየደረደሩ "ይሄ ያንቺ ነው፣ ይሄ ያንቺ ነው፣ ስንገጥም አብረሽ ቁጠሪ" ይሉኝ ነበር። የስፖኪዮውን ታሪክ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ በማንም ላይ ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

ሊያልቅ ሲል ወንድሜ ከሥራው ተጣድፎ መጣ። ገና ከመድረሱ "ጋሼ፣ ምኑ ነበር?" አላቸው። ቀና ብለው አዩት፣ ከዚያ በመፍቻው ወደ እኔ ጠቆሙና "ባለቤቷ እሷ አይደለችም እንዴ? ነግሬያታለሁ፣ እሷን ጠይቃት" አሉት።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ያ ሞተር ለሰው ሁሉ የሟቹ ሞተር ነበር። ለእኔም ጭምር። ዘመድ ሲያወራበት፣ ገዢ ሲያየው፣ ጋራዥ ሲገባ የእኔ ነው ያለው ሰው የለም። ጋሼ ይሄን ከምንም ሳይቆጥሩ ተናግረው ወደ ብሎናቸው ተመለሱ። እኔ ግን ለወንድሜ ስለውሃውና ስለቤንዚኑ ሳስረዳው ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ወንድሜማ እስከ ዛሬ "የውሃ ኢንጂነር" እያለ ይቀልድብኛል።

ሒሳብ ስጠይቅ የነገሩኝ ለዚያች ካንዴላ ከከፈልኩት ያንሳል። ጨምሬ ልስጥ ብል "ለልጆቹ ዳቦ ግዢበት" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሞተሬ መንገድ ላይ አልጣለኝም። ያጣሁትን አንድ ምግብ ቤት መልሼ ይዣለሁ፤ ገዢ ሆኖ የመጣውንም ሰው ሸኝቼዋለሁ።

ከማደያ መቅዳት የምትችሉ ከማደያ ቅዱ። ካልሆነላችሁ ግን የገዛችሁትን ሃይላንድ ቀጥታ እንዳትገለብጡት፤ አስቀምጡትና ሲረጋ ታችኛውን እዩት። እንዲህ ያለውን ነገር በነጻ የሚያስተምር መካኒክ ካገኛችሁ ያዙት፣ አትልቀቁት።

ጋሼን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ጥድፊያ አይወዱም፣ ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት፤ እሑድ ዝግ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ወረፋው አይቻልም። ሴቶች፣ ብቻችሁን ሂዱ፣ ወንድም ባል መፈለግ አያስፈልጋችሁም። ዋጋ አትከራከሯቸው፣ ያፍራል ሰው። ዘይታችሁን ግን በጊዜው ቀይራችሁ ሂዱ፤ ጠቁሮ ካገኙት እንደ ልጃቸው ነው የሚቆጧችሁ፣ እኔ ቀምሼዋለሁ።