ሪሲቨርን ከሳሎን ኮምፒዩተር የሚያገናኘው የዩኤስቢ ካፕቸር ካርድ፦ በደብረ ብርሃን ቤት ውስጥ ሲገመገም

እንደ አሜሪካ ቤት ለቤት የተዘረጋ የኬብል ቴሌቪዥን መስመር ስለሌለን፣ በሌላ አገር የኬብል ሳጥን የሚሠራውን ሥራ በእኛ ሳሎን የሚሠራው የዲሽ ሪሲቨር ነው። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ኮምፒዩተር ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ይዋል ይደር እንጂ የሪሲቨሩን ሥርጭት በኮምፒዩተሩ ለማየትና ለመቅዳት መፈለጉ አይቀርም። ለዚህ ፍላጎት በደብረ ብርሃን የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የሚቀርበው ዕቃ በአንድ ጫፉ የኤችዲኤምአይ ገመድ የሚቀበል፣ በሌላው ጫፉ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ ካፕቸር ካርድ ነው። የእኔ ግምገማ፣ ዕቃው አስቀድሞ ያለን ሪሲቨር ለመቅዳት በቂ ነው፤ ቻናል መቀየሩንም ፕሮግራም መምረጡንም ኮምፒዩተሩ እንዲያከናውን ለሚፈልግ ግን አይሆንም የሚል ነው።

ካርዱ ለምን እንዳስፈለገ ያልገባቸው ገዢዎች ብዙ ናቸው። የሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ምስል የሚያወጣ ነው፤ የኮምፒዩተሩም እንዲሁ የሚያወጣ እንጂ የሚቀበል አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን በተራ ገመድ ማገናኘት ምንም ውጤት የለውም፤ «ገመዱ ብቻ ይበቃል» የሚል ሻጭ ቢያጋጥም አለመስማት ነው።

በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚታየው «4ኬ» የሚለው ጽሑፍ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ጀርባውን ገልብጦ ደቃቁን ጽሑፍ ላየ ሰው፣ 4ኬ የተባለው ካርዱ የሚቀበለው ምስል እንጂ ለኮምፒዩተሩ የሚያስተላልፈው አለመሆኑ ይገለጥለታል፤ የሚያስተላልፈው ቢበዛ በ1080 ጥራት በሰከንድ 30 ምስል ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የዚህ ዓይነቱ ርካሽ ካርድ የሚሠራው በዩኤስቢ 2.0 ሲሆን፣ የዚያ መስመር አቅም በሰከንድ 480 ሜጋ ቢት ነው፤ ያልታመቀ የ1080 ምስል በሰከንድ 30 ጊዜ ለማሳለፍ ግን ወደ 1,000 ሜጋ ቢት ያስፈልጋል። በዚህ የተነሣ ካርዱ ምስሉን አምቆ ይልከዋል፤ በመቅጃው ሶፍትዌር ውስጥ ኤምጄፔግ የሚለው የማመቂያ አማራጭ ካልተመረጠም ምስሉ እየተቆራረጠ ይመጣል።

ከዚህ የባሰውና ብዙ ሰው ካርዱን ተበላሽቷል ብሎ እንዲመልስ የሚያደርገው ግን የፍጥነት አለመጣጣም ነው። የእኛ ቻናሎች የሚሠራጩት በሰከንድ 25 ወይም 50 ምስል በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ካርዱ በ30 ላይ ከተተወ አንዳንዱ ምስል ይደገማል። ጉድለቱ በጋዜጠኛው ፊት ላይ አይታወቅም፤ በስክሪኑ ግርጌ በሚሮጠው የዜና ጽሑፍ ላይ ግን ፊደላቱ እየተንገጫገጩ ሲያልፉ በግልጽ ይታያል። መፍትሔው ሪሲቨሩን በ720 ጥራት በ50 ላይ ማድረግና ካርዱንም በመቅጃው ሶፍትዌር ውስጥ በዚያው ልክ ማስተካከል ነው። ይህ ሲደረግ ጽሑፉ እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ የጥራቱ ቅናሽም ከሶፋ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው እምብዛም አይለይም። የሪሲቨሩ የድምፅ ቅንብርም ፒሲኤም (ያልታመቀ ድምፅ) በሚለው ላይ መሆን ይኖርበታል፤ አለዚያ ምስሉ መጥቶ ድምፅ ላይኖር ይችላል።

ምስሉ በካርዱ በኩል ሲያልፍ በጥቂቱ ይዘገያል። ስለዚህ ሪሲቨሩን በኤችዲኤምአይ ማከፋፈያ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን መስመር በቀጥታ ለቴሌቪዥኑ፣ ሌላውን ለካርዱ መስጠት ይሻላል። እንዲህ ሲሆን ኮምፒዩተሩ ጠፍቶም ቢሆን ቤተሰቡ ቴሌቪዥኑን እንደ ወትሮው ያያል፤ ለአረጋውያን ወላጆች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ለመቅዳት ኦቢኤስ ስቱዲዮ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። በእኛ ቤት ዋናዋ ተጠቃሚ እናቴ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን በምትሆንበት ሰዓት የሚያመልጣትን መርሐ ግብር ከሰዓት በኋላ አረፍ ብላ ታየዋለች። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ፕሮግራም በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት ሲቀዳ 2.25 ጊጋ ባይት ገደማ ይይዛል። ኮምፒዩተሩ አዲስ መሆን የለበትም፤ በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከወጣው ከሁለተኛው ትውልድ ኢንቴል ኮር ጀምሮ ቪዲዮ የሚያምቅ ክፍል በብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ስላለ፣ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ሥራውን ይወጣዋል።

ካርዱ የሪሲቨሩን ቻናል መቀየር አይችልም፤ ከባዱ ጉድለቱም ይህ ነው። ስለዚህ የሪሲቨሩ የራሱ ታይመር በተፈለገው ሰዓት ወደ ተፈለገው ቻናል እንዲሄድ፣ የኮምፒዩተሩም መቅጃ በዚያው ሰዓት እንዲነሣ ሁለቱን ለየብቻ ማዘጋጀት ግድ ይላል። የሪሲቨሩ ሰዓት ከግሪኒች 3 ሰዓት የሚቀድም ሆኖ መሞላት አለበት፤ የእኛ ማታ 2 ሰዓት ለእሱ 20 ሰዓት መሆኑም አይዘንጋ።

መብራት በድንገት መጥፋቱን የማያስብ ዝግጅት ደግሞ በሰሜን ሸዋ ዋጋ የለውም። ኤምፒ4 በተባለው የፋይል ዓይነት የሚቀዳ ፋይል መሐል ላይ መብራት ከሄደ ብዙውን ጊዜ ጨርሶ አይከፈትም፤ በኤምኬቪ የሚቀዳው ግን እስከ ተቋረጠበት ድረስ ይታያል። በኦቢኤስ ውስጥ ኤምኬቪን መምረጥ ምንም ወጪ የለውምና ከሁሉ በፊት ሊደረግ ይገባል። መብራት ሲመለስ ኮምፒዩተሩ በራሱ እንዲነሣ ባዮሱ (ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚሠራው መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ ማስተካከል ይቻላል፤ ሪሲቨሩ ግን በተጠንቀቅ (ስታንድባይ) ላይ ሊቀር ስለሚችል ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) መጨመር ይመረጣል።

በክረምት ዝናብ ሲበረታ ምስሉ ቢሰባበር ጥፋቱ የካርዱ አይደለም፤ ካርዱ ሪሲቨሩ የሰጠውን ያንኑ ይቀዳል። ኢትዮሳት ያለበት የ57 ዲግሪ ምሥራቅ ሳተላይት ከደብረ ብርሃን ሲታይ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ ከአድማስ 67 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ሲግናሉ በዝናቡ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ አጭር ነው፤ ናይልሳት ግን ወደ ምዕራብ ከአድማስ 36 ዲግሪ ገደማ ላይ ዝቅ ብሎ ስለሆነ ቶሎ ይጎዳል። ሙቀትን በተመለከተ የእኛ ደጋ ለካርዱ ምቹ ነው፤ እንደ ሸዋ ሮቢት ባለው ቆላ ግን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ታፍኖ እንዳይቀመጥ አጭር የዩኤስቢ መቀጠያ ገዝቶ አየር ወዳለበት ማውጣት ያስፈልጋል።

በክፍያ የሚሠሩ ዲኮደሮች ምስሉ እንዳይቀዳ የሚከላከል ኤችዲሲፒ የተባለ መቆለፊያ ስላላቸው፣ በካርዱ በኩል ጥቁር ስክሪን ቢመጣ የሚያስገርም አይደለም። ኳስ ለመቅዳት ብቻ ብሎ ካርዱን ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ከባዶ ለሚጀምር ሰው የምመክረው ካፕቸር ካርድን ሳይሆን ዲቪቢ ኤስ 2 የተባለውን የሳተላይት ቱነር ካርድ ነው። ዋጋው በጣም ይበልጣል፤ ነገር ግን የዲሹ ገመድ በቀጥታ ኮምፒዩተሩ ላይ ስለሚገባ ሥርጭቱ እንደ መጣ ይቀዳል፣ ነፃ ቻናሎችም ኮዲ በተባለው የማጫወቻ ሶፍትዌር ውስጥ ከፕሮግራም ዝርዝራቸው ጋር ይቀመጣሉ። ሪሲቨሩም ጎን ለጎን እንዲሠራ ከተፈለገ የዲሽ ሠራተኛው ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ሲግናሉን የሚቀበለው ክፍል) እንዲገጥም መንገር ያስፈልጋል፤ የቻናሎቹን አቅጣጫ (ቋሚ ወይም አግድም) ለመምረጥ አንዱ ዕቃ 13 ቮልት ሌላው 18 ቮልት በሚልክበት ጊዜ ባለ አንድ መውጫው ኤልኤንቢ ሁለቱን ባንድነት ማስተናገድ አይችልምና።