እንዶድ ወይስ የዱቄት ሳሙና? ለነጠላና ለጋቢ እጥበት

ነጠላና ጋቢ ለማጠብ እንዶድንና የዱቄት ሳሙናን ጎን ለጎን የሞከረ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው የሽታቸውን ልዩነት ነው። የፋብሪካው ዱቄት ሽቶ ስለሚጨመርበት መዓዛው ልብሱ ከደረቀም በኋላ ይቆያል፤ ይሁን እንጂ ሽቶው እድፍ በማስለቀቅ ረገድ አንዳችም ድርሻ የለውም። የእንዶድ ፍሬ በአንጻሩ፣ ሲዘፈዘፍ የቅጠል ዓይነት ሽታ ቢኖረውም፣ ልብሱ በደንብ ከተለቀለቀ የሚተርፍ መዓዛ የለውም (ሲወቀጥ ብናኙ እንደሚያስነጥስ ግን የወቀጠ ያውቀዋል)።

እንዶድ የሚያጸዳው አረፋ በሚያወጣው ሳፖኒን በተባለ ንጥረ ነገር አማካይነት ሲሆን፣ ላብንና አቧራን በሚገባ ያስለቅቃል፤ የወጥና የደም እድፍ ሲያጋጥም ግን ኢንዛይም (እድፉን የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ያለበት ዱቄት ይበልጠዋል። በንጣት በኩል ዱቄቱን ሙሉ በሙሉ ማመን አይገባም፤ ብዙዎቹ የማይታየውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ወደ ሰማያዊ ብርሃን የሚለውጥ ማድመቂያ ስላለባቸው፣ ጨርቁ ከጠራው በላይ የነጣ ይመስላል።

እኔ ለዕለት ልብስ ዱቄቱን፣ ለሀገር ልብስ እንዶድን እመርጣለሁ። እጣቢው ግን ወንዝ ውስጥ አይደፋ፤ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማግኘታቸው፣ በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈውን የቢልሃርዝያ በሽታ ለመከላከል ተስፋ ቢሰጥም፣ ሳፖኒን ዓሣንም ይገድላል።