ሣጥኑ ያማረ፣ ፊልሙ የቀላ፦ የድሮ ባለቀለም ካርቱኖች በሱፐር 8 እና በ16 ሚሊ ሜትር

የድሮ ካርቱን በፊልም ለሚሰበስብ ሰው ትልቁ ወጥመድ ሣጥኑ ነው። የሣጥኑ ሥዕል ዛሬም ደማቅ ነው፤ ውስጡ ያለው ፊልም ግን ብዙ ጊዜ የቲማቲም ስጎ መስሏል። ስለዚህ እዚህ የምንገመግመው ቅጂዎቹን ነው፦ ማን እንዳወጣቸው፣ በምን ዓይነት ፊልም ላይ እንደታተሙና በየትኛው ዘመን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ርዝመቱን ያስሉ። ሱፐር 8፣ ማለትም 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የቤት ፊልም፣ በአንድ ጫማ 72 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) ይይዛል። የ7 ደቂቃ ካርቱን በሴኮንድ 24 ፍሬም ሲሄድ 10,080 ፍሬም፣ ማለትም 140 ጫማ ይሆናል። «200 ጫማ» የተባለ ሪል (የፊልም ጥቅል) ሙሉውን ካርቱን ይዞ ቦታ ይተርፈዋል። «50 ጫማ» የተባለው ግን ድምፅ አልባ ሆኖ በ18 ፍሬም ቢሄድ እንኳ 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነው፤ ያ ደግሞ ተቆራርጦ የቀረ ካርቱን ነው። ለቤት የሚሆን ፊልም አከፋፋዩ ካስል ፊልምስ የሸጣቸው የዉዲ ዉድፔከር ካርቱኖች በሁለቱም ርዝመት ይገኛሉ፤ ከ50 ጫማዎቹ ብዙዎቹ ጥቁርና ነጭ፣ ድምፅ አልባ ናቸው። ሣጥኑ ላይ ያለው ባለቀለም ሥዕል የፊልሙን ቀለም አያረጋግጥም። 50 ጫማዎቹ ለልጆች ግድግዳ ላይ ለማሳየት ይበቃሉ፤ ለስብስብ ግን ዋጋቸው ከጥቂት ዶላር አይዘልም።

ዋናው ጉዳይ ቀለሙ ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አብዛኛው ቅጂ የታተመው ኢስትማንከለር በተባለው የኮዳክ ባለቀለም ፊልም ነው። በዚህ ፊልም ላይ ሦስት የቀለም ንብርብሮች አሉ፤ በጨለማ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን ቀድሞ የሚጠፋው ሳያን የሚባለው ውሃ ሰማያዊ ቀለም ነው፣ ቢጫውም ይከተላል፤ ማጀንታ የሚባለው ቀይ ሮዝ ቀለም ይቀራል። ሰማዩ ሮዝ፣ ሣሩ ቡኒ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥኑታል እንጂ ብርሃን ስላልነካው ብቻ አይድንም።

ከሻጩ ፎቶ ሲጠይቁ «ቀለሙ ጥሩ ነው» የሚለውን ቃል አይቀበሉ። ከሪሉ መሀል የተወሰደ፣ ሰማይ ወይም ሣር ያለበት ፍሬም ነጭ ብርሃን ላይ ተነሥቶ ይላክልዎ። ቀይ ልብስ የለበሰ ገጸ ባሕርይ ምንም አይነግርዎትም፤ በቀላ ፊልም ላይም ያምራልና። ከፍሬሙ ጎን ያለውን ነጭ ዳራም ይዩ፤ ነጩ ራሱ ሮዝ ከሆነ ፎቶው የካሜራ ጥፋት ነው ማለት ነው፣ ነጩ ነጭ ሆኖ ፍሬሙ ብቻ ከቀላ ግን ፊልሙ ሄዷል። ከ1982 ገደማ ጀምሮ ኮዳክ ቀለሙ ቶሎ የማይጠፋ ፊልም አወጣ፤ በፊልሙ ጠርዝ ላይ «ኤል ፒ ፒ» የሚሉት ፊደላት በአጉሊ መነጽር ከታዩ ልብዎ ይረፍ።

አንድ ነገር ግን ያለአግባብ እንዳያስጥልዎ። ዲዝኒ ቴክኒከለር የተባለውን ባለሦስት ቀለም የፊልም ዘዴ ከ1932 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ለካርቱን ለብቻው ይዞት ስለነበር፣ ሌሎቹ ስቱዲዮዎች ባለቀለም ካርቱን የሚሠሩት በሁለት ቀለም ብቻ ነበር። የአብ አይወርክስ «ኮሚከለር» የተባሉ ተከታታይ ካርቱኖች የተሠሩት ሲኒከለር በሚባለው ባለሁለት ቀለም ዘዴ ነው፤ የፍላይሸር ስቱዲዮ የመጀመሪያዎቹ ባለቀለም ካርቱኖችም እንዲሁ ባለሁለት ቀለም ናቸው። ብርቱካንማና አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ ብቻ ቢታይ፣ ንጹሕ ቢጫና ወይን ጠጅ ቢጠፋ፣ ሲፈጠርም እንዲያ ነው።

በሱፐር 8 ገበያ ላይ ከሁሉ የምናስቀድመው የእንግሊዙን ፊልም አሳታሚ ድርጅት ዴራንን ነው። በዲዝኒ ፈቃድ ያወጣቸው ካርቱኖች ጥርት ያሉ፣ ቀለማቸው የጸና፣ በፊልሙ ጠርዝ ባለ ማግኔታዊ መስመር ላይ የተቀዳው ድምፃቸውም ንጹሕ ነው። ድርጅቱ ስለተዘጋ ዋጋቸው ጨምሯል፤ ቢሆንም ሦስት ቀይ ቅጂ ከመግዛት አንድ የዴራን ይሻላል። ፊልም የሚሠራው ከፖሊስተር ወይም ከአሲቴት ፕላስቲክ ነው፤ ብዙዎቹ የኋለኛ ቅጂዎች በፖሊስተር ላይ ናቸው። ለማወቅ ሪሉን ከጎኑ ወደ መብራት ያዙት፦ ፖሊስተር ብርሃን ያሳልፋል፣ አሲቴት ግን ይጨልማል። ፖሊስተር በማጣበቂያ ፈሳሽ አይቀጠልም፤ የፊልም ስኮች ብቻ ይጠቀሙ። አይበጠስም፤ ይህ ደግሞ ጥሩም መጥፎም ነው፤ ፕሮጀክተሩ ውስጥ ቢያንቅ የሚሰበረው የማሽኑ ጥርስ ነውና።

ቦታና ገንዘብ ላለው 16 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በጫማ 40 ፍሬም ስለሚይዝ ያው የ7 ደቂቃ ካርቱን 252 ጫማ ይሆናል፤ በ400 ጫማ ሪል ይገባል። እዚህ የሚፈለገው በቴክኒከለር የቀለም ማሸጋገር ዘዴ የታተመው ነው። በዚህ ዘዴ ቀለሙ እንደ ማተሚያ ቤት ሥራ ተራ በተራ ፊልሙ ላይ ስለሚጫን አይጠፋም፤ በአሜሪካ ዘዴው የቆመው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ምልክቱ የድምፅ መስመሩ ነው፦ ከብር ስለሚሠራ ግራጫ ሆኖ ይታያል። የዋርነር የቆዩ ባለቀለም ካርቱኖች በ1956 ለቴሌቪዥን አከፋፋይ ተሽጠው ስለነበር ብዙ የ16 ሚሊ ሜትር ቅጂ ገበያ ላይ አለ፤ የቀለሙ ዓይነት ግን ይለያያልና እያንዳንዱን ለየብቻ ይመርምሩ።

17ቱ የሱፐርማን ካርቱኖች ከ1941 እስከ 1943 የወጡ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹን 9 ፍላይሸር፣ የቀሩትን 8 እሱን የተካው ፌመስ ስቱዲዮስ ሠራቸው። የቅጂ መብታቸው ስላለፈ ማንም ያባዛቸዋል፤ ስለዚህ የቅጂ ቅጂ እንዳይሸጥልዎ። ጥላው ጥቁር ድፍን ከሆነ፣ የፊቱ መስመር ከደበዘዘ ተጠራጠሩ። ጭረት ካዩ ፊልሙን አጋድለው መብራት ላይ ያብረቅርቁት፤ ገጽ ላይ ካልታየ ጭረቱ አብሮ የታተመ ነው፣ ምንም ዓይነት ማጽጃ አያወጣውም።

ሣጥኑ ሲከፈት ኮምጣጤ ከሸተተ አሲቴቱ መበስበስ ጀምሯል። ይህ አይድንም፤ የሚለቀው አሲድ ራሱ መበስበሱን ያፋጥናል። ማግኔታዊ መስመር ያለው ፊልም ደግሞ ይብሳል። ለይተው አየር በሚያገኝ ቆርቆሮ ያስቀምጡት፣ ከሌሎቹ ጋር አያዋሉት። ደረቅና ቀዝቃዛ ክፍል ይሻላል፤ ከጣሪያ ሥር ያለ ሙቅ ዕቃ ቤት ግን ፊልም ይገድላል።

ለማሳየት ከኤልሞ ST ተከታታይ የሱፐር 8 ፕሮጀክተሮች ውስጥ 1200 ጫማ የሚቀበለው ጠንካራ ማሽን ነው። አሮጌ ፕሮጀክተር ሲገዙ ቺንጋውን አስቀድመው ይመልከቱ፦ ላስቲኩ ቀልጦ ጥቁር ሙጫ ሆኖ ከተገኘ፣ ሙጫውን በአልኮል ጠርጎ አዲስ ከመግጠም በፊት ማሽኑን ኤሌክትሪክ ላይ አይሰኩት። በሱፐር 8 ድምፁ ከምስሉ 18 ፍሬም ቀድሞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቅጥያ ባለበት ቦታ ድምፁ ሦስት አራተኛ ሴኮንድ ያህል መዛነፉ የማሽን ብልሽት አይደለም።

ከዋሽንግተን አካባቢ ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ሰው ሁለት ነገር ያጣራ። አንደኛ ማሽኑ ከ120 ወደ 220 ቮልት የሚቀየር ማብሪያ አለው ወይ? ከሌለው አምፖሉን ጭምር የሚሸከም ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ሁለተኛ ሞተሩ ፍጥነቱን ከመስመሩ የሚወስድ ከሆነ፣ ለ60 ኸርዝ የተስተካከለው በ50 ኸርዝ ሲሠራ 24ቱ ፍሬም ወደ 20 ይወርዳል፤ ድምፁም ይወፍራል። ትራንስፎርመር ይህን አያስተካክልም፤ የሞተሩ መዘውር ለ50 ኸርዝ የሚሆነው መቀየር አለበት።