«ዶሜይኑ በነፃ ነው» ሲሏችሁ ቆም በሉ

ወገን፣ ዌብሳይት ልታሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ እኔ የተበላሁትን ስሙኝና ግቡበት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ለእህቴ የሀበሻ ቀሚስ ሱቅ ሳይት አሠራሁላት። የዶላር ካርድ ነገር እንደምታውቁት መከራ ነው፤ በብር ተቀብሎ ሁሉንም የሚጨርስልኝ አንድ ድርጅት ጋ ሄድኩ። «ሆስቲንጉን ከገዛህ ዶሜይኑ በነፃ» አሉኝ። ሆስቲንግ ሳይቱ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ ነው፣ ዶሜይን ደግሞ የሳይቱ አድራሻ ስም። ከፈልኩ። ደረሰኝ እንኳን አልጠየቅኩም፣ ሞኝ! በዓመቱ ማሳደሻው እጥፍ ሆኖ መጣ፣ እሱንም ዋጥ አድርጌ ከፈልኩ። ሳይቱ በየሳምንቱ መጥፋት ሲጀምር ግን ዶሜይኑን ወደ ሌላ ሬጂስትራር (ዶሜይን የሚመዘግብ ድርጅት) ላዛውር ብዬ የማዛወሪያ ኮዱን ጠየቅኳቸው።

«ነገ።» ነገ ሲደርስ «ኃላፊው የለም።» ከዚያ ቴሌግራሜን አንብቦ ዝም። በመጨረሻ «የመልቀቂያ 15 ሺህ ብር አለው» አሉኝ።

እኔም አንብቤ ሄጄ ነበር። ዶት ኮምን የመሳሰሉት የዓለምን የዶሜይን ስሞች በሚያስተባብረው ድርጅት፣ በአይካን ደንብ ነው የሚተዳደሩት፤ ባለቤቱ ኮዱን ከጠየቀ ሬጂስትራሩ በ5 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። ከተመዘገበ 60 ቀን ያልሞላው ከሆነ ሊከለክል ይችላል፣ የእኛ ግን ዓመት አልፎታል። ይህን ስነግራቸው ልጁ ሳይከራከረኝ አንድ ስክሪንሾት ላከልኝ። ባለቤት በሚለው ቦታ የድርጅቱ ስም፣ የድርጅቱ ኢሜይል፣ የድርጅቱ ስልክ። የእህቴ ስም የትም የለም። ቀድሜ ኦንላይን ስፈልገው የባለቤቱ መረጃ የተሸፈነ ስለነበር አላወቅኩም። ደንቡ የሚጠብቀው ባለቤቱን ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ እነሱ ናቸው!

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አካውንቱ በራሳችሁ ኢሜይል ይከፈት በሉ፣ ፓስወርዱም እናንተ እጅ ይግባ። ካርድ ያለው ሰው ይክፈልላችሁ እንጂ በስሙ አያስመዝግብላችሁ። «እኛ እናስተዳድርልሃለን» ካሉ ጥላችሁ ውጡ። አሁን ያላችሁም ዛሬውኑ በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ፤ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ከጠየቃችሁ ጉልበቱ የእነሱ ነው።

እኛማ ምን እናድርግ፣ ስሙ ፌስታሉ ላይ ሁሉ ታትሟል። ተከራክረን 9 ሺህ ከፈልን። ብሩ በገባ በ10 ደቂቃ ኮዱ መጣ፣ ኃላፊውም ተገኘ ማለት ነው። ዲኤንኤሱ (ስሙን ከሳይቱና ከኢሜይሉ ጋር የሚያገናኘው መዝገብ) እነሱ ጋ እንደነበር ረስቼ ቀድሜ ስላልገለበጥኩት ግን የሱቁ ኢሜይል ሦስት ቀን ሞቶ ሰነበተ።