«ከአሜሪካ የቡድን ክስ ካሳ እናስገኛለን» ለሚሉ ሰዎች ሊብሬና ውክልና አትስጡ

ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ባሉት የመኪና ማቆሚያዎች ሰሞኑን አንድ ወረቀት ይታደላል። የሚታደለው እየተመረጠ ነው፤ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ላይ ይሰካል። «መኪናዎ የአምራች ጉድለት አለበት፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ካሳ ተወስኗል፤ ድርሻዎን ይውሰዱ» ይላል። ቢሮአቸው ድረስ ሄጄ ውሉን አንብቤዋለሁ። የማይመለስ የመመዝገቢያ 6,500 ብር፣ የሊብሬ ቅጂና ውክልና ይጠይቃሉ። አንዱንም አትስጡ።

ሰው የሚታለለው ግማሹ ወሬ እውነት ስለሆነ ነው። ታካታ የተባለ የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች በእርግጥም አደገኛ ናቸው። ከረጢቱን የሚነፋው ኬሚካል አሞኒየም ናይትሬት ነው፤ እርጥበት የሚመጥጥ ነገር ካልተጨመረበት ለዓመታት ሙቀትና ወበቅ ሲፈራረቅበት ይበላሻል። ግጭት ሲደርስ ከሚገባው በላይ ይፈነዳና የብረት ማቀፊያውን ሰባብሮ ስብርባሪውን ሰው ላይ ይረጨዋል። በዚህ የሞቱ አሉ። ታካታ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በአሜሪካ ጥፋቱን አምኖ 1 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በግንቦት ደግሞ ቶዮታ፣ ሱባሩ፣ ማዝዳና ቢ ኤም ደብሊው የባለ መኪኖቹን የቡድን ክስ በ553 ሚሊዮን ዶላር ለመቋጨት ተስማሙ። ቢሮው ውስጥ የሚያስተናግደው ወጣት ይህን ሁሉ በቀለም አሳትሞ ያሳያል። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው።

የማያሳየው የካሳው ተካፋይ ማን እንደሆነ የሚወስነውን ክፍል ነው። ስምምነቱ የተደረገው መኪናውን በአሜሪካ ለገዙ ወይም በኪራይ ለያዙ ሰዎች ነው። ከዱባይ ተጭኖ በጅቡቲ በኩል ገብቶ የአዲስ አበባ ሰሌዳ የለጠፈ ቪትዝ በዚያ ቡድን ውስጥ ቦታ የለውም። የካሳ መጠየቂያው ጊዜም ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ደግሞም አሠራሩ እነርሱ እንደሚያወሩት አይደለም። በአሜሪካ የቡድን ክስ ጥቂት ሰዎች በሁሉም ስም ይከሳሉ፤ በቡድኑ ትርጉም ውስጥ የሚወድቅ ሌላው ሰው «ልውጣ» ካላለ በቀር ሳይመዘገብ አባል ነው። ጠበቆቹ የሚከፈላቸው ዳኛው ሲፈቅድ ሲሆን፣ ካሳ ለመጠየቅ ቅጽ መሙላት ገንዘብ አያስወጣም። እንግዲህ 6,500 ብሩ የምን መመዝገቢያ ነው?

ገንዘቡ ግን ቀላሉ ጉዳት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ የውክልናው ረቂቅ ነው። በሰው ስም ክስ ለመመሥረት ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2205 ይደነግጋል፤ ስለዚህ ውክልና መጠየቃቸው ብቻውን ነውር የለበትም። ረቂቁ «በስሜ እንዲከስ፣ እንዲከራከር፣ እንዲታረቅ» ብሎ በወግ ይጀምራል። ዝቅ ብሎ ግን፣ በዚያው ዓረፍተ ነገር መሐል፣ «ከላይ የተጠቀሰውን ተሽከርካሪ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ ስም እንዲያዛውር፣ በዋስትና እንዲያስይዝ» ይላል። አሜሪካ ለሚቀርብ የካሳ ጥያቄ የእኔን መኪና መሸጥ ምን አመጣው ብዬ ብጠይቀው፣ ወጣቱ «የተለመደ ፎርም ነው፤ አይጨነቁ» አለኝ። የመሸጥ ሥልጣን ያለበትን ውክልና የያዘ ሰው ባለቤቱ በሌለበት ሸጦ ስም ማዛወር እንደሚችል፣ በደላላ መኪና ገዝቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

ካሳው ሐሰት ሆነ ማለት ኤርባጉ ደህና ነው ማለት ግን አይደለም። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ መኪናው ለነጻ ጥገና ከተጠሩት አንዱ መሆኑን ከአምራቹ ወኪል ጠይቁ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና የሻንሲ ቁጥሩ አጭር ስለሆነ 17 ፊደልና አኃዝ በሚጠይቀው የአሜሪካ ድረ ገጽ አይገኝም፤ በቶዮታ የጃፓን ድረ ገጽ ግን ማየት ይቻላል። በራሳችሁ አትፍቱት፤ የሰፈር ኤሌክትሪሺያንም እንዳይነካው። ከሶማሌ ተራ አሮጌ ኤርባግ ገዝቶ መግጠምም ያንኑ ታካታ በታካታ መተካት ሊሆን ይችላል።

በጉድለት ጉዳይ መክሰስ ለሚፈልግ ሰው ሕጉ እዚሁ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2287 ሻጩን የዕቃው ጉድለት ዋስ ያደርገዋል። ጉድለቱን እንዳያችሁ ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁና ቅጂውን አስቀምጡ፤ ካሳወቃችሁ በኋላ ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለባችሁ። የብዙ ሰው መብት የሚቀልጠው ሻጩ «ቆይ እናስተካክላለን» እያለ ይህን ዓመት ሲያስጨርሰው ነው። ሸማቾችን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አለ። የቡድን ክስን የሚመስል መንገድ እንኳ አለን፦ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 38 ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በተወካይ እንዲከሱ ይፈቅዳል። ከአሜሪካው የሚለየው፣ የሚወከሉት ሁሉ መስማማታቸውን ፍርድ ቤቱ ማመን ስላለበት ነው። ነዳጅ የሚጠቀሙ መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከአንድ አስመጪ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎች በርክተዋል። ተመሳሳይ ብልሽት ካያችሁ ተፈላልጋችሁ አንድ የታወቀ ጠበቃ ብትይዙ፣ ፎቅ ላይ ካለ ስም የለሽ ቢሮ ይሻላችኋል።

ቀድሞ የፈረመ ካለ ዛሬውኑ ይንቀሳቀስ። ወካይ ውክልናውን በማንኛውም ጊዜ መሻር ይችላል። ውክልናው ወደ ተሰጠበት የሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ሄዳችሁ ሻሩት፤ የመሻሪያውን ቅጂ የመኪናው ፋይል ላለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አስገቡ፤ ስም እንዳይዛወር በማመልከቻ ጠይቁና ስለመቀበላቸው ማኅተም አስደርጉ።