መጨረሻውን ከትኬቱ ጋር የሚሸጥ ሲኒማ ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ አንድ ሲኒማ ቤት አዲስ የአማርኛ ፊልም ተመለከትሁ። ወንበሩ ምቹ፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ቅር ያሰኘኝ ትኬት ሻጩ ነው፤ መልሴን እየቆጠረ፣ በቅንነት መሆኑን ባልጠራጠርም፣ «ገዳዩ ወንድምየው መሆኑን ሲያዩ ይደነግጣሉ» ብሎ የሁለት ሰዓቱን ልብ ሰቀላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ»ን ለእይታ ሲያቀርብ፣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ ከማድረጉም በላይ ተመልካቾች መጨረሻውን ለሌላ እንዳይናገሩ ይማጸን ነበር። እዚህ ግን መውጫውና መግቢያው አንድ በር በመሆኑ፣ አይተው የሚወጡት ስለ ፍጻሜው ጮክ ብለው እየተከራከሩ በተሰላፊዎቹ መካከል ያልፋሉ። እኔና ጓደኛዬ ወሬውን የጀመርነው ዘንባባዎቹ ሥር ከደረስን በኋላ ነው።