የሀዋሳው የልጆች ኳስ ስልጠና፦ ለኳሱ አራት ኮከብ፣ ለአስተዳደሩ አንድ

የስልጠናውን ስም አልጠራም። የማወራው ጉዳይ ገና ፖሊስ እጅ ነው፣ ሀዋሳም ሁሉም ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት።

ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ሰፈር ውስጥ ድንጋይ ጎል አድርጎ ሲጫወት ጫማ ስለጨረሰብኝ ጥር ላይ አስመዘገብኩት። ለሦስት ወር 2,400 ብር፣ ማልያና ካልሲ ለብቻው 900። ታኬታ ከራስ። ክፍያው በቴሌብር ነው፣ ደረሰኝ ስትጠይቅ «ስልክህ ላይ ገባልህ አይደል?» ትባላለህ።

መጀመሪያ ጥሩውን ላውራ፣ ምክንያቱም ጥሩ ነገር አለው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት 1፡00 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ፣ አያረፍዱም። በአብዛኛው ቦታ እንደማየው ልጆቹን ለሁለት ከፍለው ኳስ ወርውረውላቸው ሻይ ሊጠጡ አይሄዱም። አርባ ደቂቃ ሙሉ መቀበል፣ ማቀበል፣ ዞሮ ማየት ብቻ ነው። ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ ግን ይለወጣሉ። ይህች ከተማ ክለቧ ሁለት ጊዜ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ የወሰደባት፣ ሽመልስ በቀለንና አዳነ ግርማን ያወጣች ከተማ ናት፣ ልጅ ኳስ አልወድም ቢል ነው የሚገርመው፤ ሆኖም መውደድና መማር እንደሚለያይ እዚያ ሜዳ ዳር ቆሜ ነው ያየሁት።

መጥፎው ጎን ደግሞ ውሃ የለም፣ ጥላ የለም፣ ለ28 ልጅ ስድስት ኳስ ነው ያላቸው፣ አንዷ ደግሞ ሁልጊዜ ትተነፍሳለች። ይሄ ሁሉ ይታለፋል። ሲያልቅ አሞራ ገደል ወርደን አሳ እንበላና ልጁ አቧራውን ይረሳዋል።

ከአሰልጣኞቹ ሁሉ ልጄ የሚወደው አንዱን ነበር። የኮሌጅ ተማሪ ነው፣ ለኮሌጁ ቡድን አጥቂ ሆኖ ይጫወታል፣ ቅዳሜና እሁድ ትንንሾቹን ያሰለጥናል። ልጄን የመጀመሪያው ቀን «ነገ ስትመጣ ቀኝ እግርህን ቤት ትተኸው ና» አለው። ሦስት ሳምንት በግራ እግሩ ብቻ ግድግዳ ላይ ሲያስመታው ከረመ። አሁን ልጁ በግራ ሲያቀብል ብታዩት፣ የኔ ልጅ ነው ወይ ትላላችሁ።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ ያ ልጅ አልመጣም። «አሞታል» ተባለ። ሻይ የምትሸጠዋ እናት ጋ ቆመን የነበርን ወላጆች ግን ሌላ ወሬ ሰማን። ሐሙስ ማታ ጠብ ተነስቶ አንድ ተማሪ በስለት ተወግቷል፣ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ከተያዙት ሦስት ልጆች አንዱ የኛው አሰልጣኝ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ በዋስ ወጥቶ ፊሽካውን አንጠልጥሎ መጣ። ማንም ምንም አላለም። ማሟሟቂያ፣ ሩጫ፣ ኳስ፣ እንደ ወትሮው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የልጄ ታኬታ ማሰሪያ ተፈታ። አሰልጣኙ ሮጦ መጣና ተንበርክኮ ደርቦ አሰረለት፣ «እንዳትወድቅ» አለው። እኔ እጆቹን ነበር የማየው። ያደረገ ይሁን ያላደረገ አላውቅም፣ ዛሬም አላውቅም፣ ግን እዚያ ቆሜ የልጄን እግር የሚያስር ሰው ላይ እንዲህ ዓይነት ዓይን መጣሌ ራሴን አስጠላኝ፣ ደግሞ ማየቴን ማቆምም አልቻልኩም።

ከልምምድ በኋላ ኃላፊውን አናገርኩት። ያቺን የምትተነፍስ ኳስ በእጅ ፓምፕ እየነፋ ነበር።

«ኮች፣ የሰማነው እውነት ነው?»

«ገና ተጠርጣሪ ነው እኮ ጋሼ። ፍርድ ቤት ይፍረድ እንጂ እኛ ማን ሆነን?»

«እኔ ፍረድ አላልኩህም። ለወላጅ ለምን አልነገራችሁም?»

መርፌዋ ከኳሷ ወጣችና ፊስስ አለች። መልሶ ሰካት። «በሚቀጥለው ሳምንት ኮሌጁ ግማሽ ፍጻሜ አለበት። አሁን ስሙ ባይነሳ ነው የሚሻለው። ወርቅ ልጅ እኮ ነው!»

ግማሽ ፍጻሜ። እኔ ስለ 28 ልጆች ስጠይቅ እሱ ስለ ዋንጫ መለሰልኝ። የተወጋው ተማሪ እንዴት እንደሆነ ደግሞ በወሬው ሁሉ መሃል አንድም ሰው ሲያነሳ አልሰማሁም። ስሙን እንኳ እስካሁን አላውቀውም።

ሌሊት ተነስቶ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ የማየት ሱስ አለብኝ፣ ሚስቴ ትመስክር። ስለዚህ ይሄ መልስ አዲስ አልሆነብኝም። እ.ኤ.አ. ጥር 2023 አላባማ ውስጥ የ23 ዓመት ወጣት፣ የአንድ ልጅ እናት፣ በጥይት ተገደለች። አንድ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች በግድያ ተከሰሰና ወዲያው ከቡድኑ ተባረረ። እስከዚህ ጥሩ። የካቲት ላይ ግን መርማሪ ፖሊስ ፍርድ ቤት ቀርቦ መሣሪያው የመጣው በሌላው የቡድኑ ኮከብ በብራንደን ሚለር መኪና ነው ብሎ መሰከረ። ጠበቃው ሚለር መሣሪያውን አላየም፣ አልነካም አለ። ክስም አልተመሠረተበትም፣ ይሄ በግልጽ ይነገር። አሰልጣኙ ግን በተሳሳተ ሰዓት የተሳሳተ ቦታ ተገኘ ዓይነት ነገር ተናግሮ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። በማግስቱ ሚለር ተሰልፎ 41 ነጥብ አስቆጠረ፣ ማሸነፊያዋም የሱ ነበረች። ከዚያ በቀጣዩ ጨዋታ ተጫዋቾች ለተመልካች ሲተዋወቁ አንድ ጓደኛው በር ላይ እንዳለ ፈታሽ ገላውን ዳበስ ዳበስ አደረገው። ቀልድ መሆኑ ነው። የሟቿ ልጅ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር።

ሕጉን አላጣሁትም። የኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ንጹህ የመቆጠር መብት አለው ይላል፣ ደግሞም እንዲያ መሆን አለበት፣ ነገ እኔም ልጄም ልንጠረጠር እንችላለን። እኔ የጠየቅኩት ግን እሰሩት አይደለም። እስኪጣራ ከሙሉ ክፍያው ጋር ከትንንሾቹ ልጆች ፈቀቅ ይበል፣ ለወላጅም ይነገር ነው። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሞ የተፈረደበትን ስፖርተኛ አንቀበልም ብሎ ደንብ ጽፏል። ደንቡ ይበቃል አይበቃም ሌላ ክርክር ነው፣ ቢያንስ ግን ወረቀት ላይ አለ። የኛው ቦታ ስለ ማልያ ቀለም አንድ ገጽ ሙሉ መመሪያ ሰጥቶኛል፣ ካልሲ እስከ ጉልበት መሳብ እንዳለበት ሳይቀር። አሰልጣኝ ቢጠረጠር ምን እንደሚደረግ ግን አንዲት መስመር የለም።

ከወላጆች አንዱ «ዝም በል፣ ልጅህን ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጡብሃል» አለኝ። ሳቅኩ፣ ግን እውነቱን ነው። ቴክሳስ ባለው ቤይለር በሚባል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የቡድን ጓደኛውን ገደለ፣ ኋላ አምኖ 35 ዓመት ተፈረደበት። ዋና አሰልጣኙ ዴቭ ብሊስ ደግሞ ለሟቹ ከደንብ ውጭ የትምህርት ክፍያ ይከፍልለት ነበርና ያ እንዳይወጣ ብሎ «ዕፅ ይሸጥ ነበር በሉ» እያለ ተጫዋቾቹን አስጠና። የሞተ ልጅ ላይ! አባር ራውስ የሚባል ረዳቱ በድብቅ ድምፁን ቀዳውና ጉዱ ወጣ። ብሊስ ሥራውን ለቀቀ፣ ከዓመታት በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ሌላ ኮሌጅ አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረው። የቀዳው ራውስ ወደዚያ ደረጃ አሰልጣኝነት አልተመለሰም። ስለዚህ ወላጁ ዝም በል ሲለኝ አልፈረድኩበትም።

ልጄን በዘጠነኛው ሳምንት አወጣሁት። የቀረውን ገንዘብ አልመለሱም፣ አልተከራከርኩም። ለልጄ ምን እንደምለው ግን ሁለት ቀን ጨነቀኝ። በመጨረሻ የሰማሁትን፣ ያልተጣራ መሆኑንም ጨምሬ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «እሱ ካላደረገውስ?» አለ። ካላደረገው በጣም ጥሩ፣ ተመልሰን ሄደን ሰላም እንለዋለን አልኩት። እስካሁን የሰማነው ነገር የለም።

ኮሌጁ በግማሽ ፍጻሜው አሸንፏል አሉ። ያ አሰልጣኝም ተሰልፏል።

ባለፈው እሁድ ሌላ ስልጠና ለማየት ሄድኩ። ሜዳው ያኛውን አያክልም፣ ኳሱ ግን በቂ ነው፣ ውሃም አለ። ኃላፊዋ ሴት ናት። ከዋጋው በፊት ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳት፦ አሰልጣኝ በከባድ ነገር ቢጠረጠር ምን ታደርጋላችሁ፣ የተጻፈ ነገር አላችሁ? ቀና ብላ አየችኝና «እውነቱን ልንገርህ ጋሼ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀን ወላጅ የለም። ከልጆቹ ጋር ተማክረን እንጽፈዋለን፣ ሐሙስ ና» አለችኝ። ለጊዜው ልጁ ግቢ ውስጥ የጎረቤት ግድግዳ ላይ በግራ እግሩ እየመታ ነው፣ ጎረቤቴም ሐሙስን እንደኔው እየጠበቀ ነው።